በትንሹ ፊልም የተነሳችው እናቴ

በፎቶው ላይ ከፊት አባቴ፣ እጃጂ ከተማ የምትኖረው አክስቴና የአባቴ ታላቅ ወንድም ቆመዋል፤ ከኋላቸው አንድ ጎረቤታችንና እናቴ አሉ። የሌላ አጎቴ ሠርግ ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች፤ ሌላ ፎቶ የላትም።

ያኔ የአምቦ ፎቶ አንሺዎች ሠርግ ላይ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ትንሽ ፊልም የሚገባበት ሁለት ካሜራ ይዘው ይመጡ ነበር። ሰፊው ፊልም ውድ ስለሆነ ሙሽሮቹን ብቻ ያነሱበታል፤ ዘመድ አዝማድ በትንሹ ይነሳል።

አምና የእናቴን ፊት እንዲያሳድግልኝ ኔጋቲቩን ይዘን ከአክስቴ ጋር ፎቶውን ያነሳው ሰውዬ ዘንድ ሄድን። አርጅቷል፤ አሁንም ይሠራል።

«እኔን እንዳታሳድገኝ!» አለችው አክስቴ። «ያን ቀን ጫማ ጠቦኝ ፊቴ ተኮማትሯል።»

«አንቺማ ከፊት ስለሆንሽ ከነኩርፊያሽ ትወጫለሽ» አላት እየሳቀ። «ከኋላ ያለችው ናት የምታስቸግረኝ።»

ኔጋቲቩ ላይ የእናቴ ፊት ከምስር ፍሬ ያንሳል። ሲያሳድገው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ምስሉ የተሠራበት የፊልሙ ቅንጣት መጠን በሰፊውም በትንሹም ያው ነው፤ በሰፊው ላይ ግን ፊቷ ብዙ ቅንጣት ያገኝ ነበር። ዓይኗንና አፏን መለየት አቃተኝ።

«ትስቅ ነበር» አለች አክስቴ። በኋላ አባቴን ስጠይቀው «ደክሟት ነበር» አለኝ።

በዚያ ሠርግ ላይ የነበራችሁ ዘመዶቼና ጎረቤቶቻችን፣ እባካችሁ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። ፊቷ ምን ይመስል ነበር?