ሳልቫዶር ላይ የተቆጠረ ሰባት ቤት

ብራዚል አብሮኝ የሄደውን ሰውዬ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። በዕድሜም በማዕረግም ይበልጠኛል፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ነው የምናስተምረው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ሳልቫዶር የሄድነው ስለ ጥቁር ሕዝቦች ባህል በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ተጋብዘን ነው። ከተማዋ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ልጆች የሚኖሩባት የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ለብቻው ያደክማል። እሱ ግን ጋቢ ይዞ ሄደ። ጉና ተራራ ሥር የሚለበሰውን ወፍራም ጋቢ ባሕሩ ዳር ተከናንቦ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ «አንሣኝ እስቲ» ይለኛል። አነሣዋለሁ። ፎቶውን አይቶ «ድገመው፤ ሆዴ ገፍቶ ወጥቷል» ይላል።

ጉባኤው ላይ ከበሮውም ከእኛ ሄደ፣ ነጩ ልብስም ከእኛ ሄደ፣ ጭፈራውም ከእኛ ሄደ ብሎ ተናገረ። በምን መርከብ እንደ ሄደ የጠየቀው የለም። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ አጨበጨቡ፤ እሱም ጭብጨባውን ማስረጃ አደረገው።

ከተማዋን በደንብ እንዳላይ ያደረገኝ እሱ ነው። ድንጋይ በተነጠፈባቸው ቁልቁለቶች ላይ ወጣቶች ካፖይራ ሲጫወቱ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ። አንዱ በእግሩ ሲሰነዝር ሌላው ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ጠብ ይሁን ጭፈራ አይለይም። እሱ እጄን እየጎተተ «እስክስታ የሚያስተምራቸው ሰው አጥተው ነው» ይላል። አርብ ቀን ሰዉ ነጭ ለብሶ ሲያይ ደግሞ «አየህ፣ ጾም ያውቃሉ» አለኝ። መንገድ ዳር የአደንጓሬ ሊጥ በቀይ የዘንባባ ዘይት ከምትጠብስ ሴት ዘንድ ሄዶ፣ የጾም ነው ብሎ ገዝቶ ገመጠ። መሐሉ ላይ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ ነበር። «ትል!» ብሎ እሴትዮዋ እግር ሥር ተፋው። ሴትዮዋ እኔን ነው ያየችኝ፤ አብሬው በመሆኔ አፈርኩ።

ያረፍነው ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ቤት ነበር። እንግዳ ማሳደር ስለለመዱ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው። አንድ እሑድ ምሳ ጋበዙን። ከአፍሪካ የመጣ ሰው ማዕዳቸው ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገሩንና፣ ሳህን እያቀረቡ «የእኔ ሰዎች ከየት የመጡ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁን። ቀልድ አልነበረም። ጥያቄውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውት እንደኖሩ ድምፃቸው ያስታውቃል።

የእኛ ሰው ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እኛ አገር ሽማግሌ ለጋብቻ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው፣ ጎኑን አመቻችቶ «ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ» አላቸው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት መውጣት ማለት ነው። ቅድመ አያቶቹ ለተሸጡበት ሰው ይህን ማቅረብ የእኛ አገር ምሁር ብቻ የሚችለው ድንቁርና ነው። እሳቸው እናታቸውን ጠሩ። አያታቸውን ጠሩ። ቅድመ አያታቸውን ሲጠሩ «ይህ ስም እንኳ የጌታዋ ነው» አሉ። ከዚያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ዝምታ የማይወደው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «መልክሽ የእኛው ነው፤ እህቴ ነሽ። ከእኔ ጋር ቁጠሪ» ብሎ የገዛ አባቱን፣ አያቱን፣ የአያቱን አባት እየጠራ እስከ ሰባተኛው ወጣ። እሳቸውም የማያውቁትን ስም ሁሉ እየተከተሉ አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እሱም ሞቅ ብሎት «ልጄን ልድራት ነው። አክስቷ ነሽ፤ በሽምግልናው ቀን ደውለሽ ትመርቂያታለሽ» ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ነገራቸው። እኔ አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ቀኑ ደረሰ። የሙሽራው ወገኖች ከይፋግ ሽማግሌ ይዘው ደብረ ታቦር መጡ፤ እኔም በሴቷ ወገን ተቀምጫለሁ። ሁለቱም ወገን ዘሩን ቆጠረ፤ ሰባት ቤት ድረስ አልተገናኙም። ነገሩ ሊያልቅ ሲል የእሱ ስልክ በቪዲዮ ጠራ። ውጭ አገር ያለው ልጁ መስሎት ለሁሉም እንዲታይ አድርጎ ከፈተው። እሳቸው ነበሩ። ነጭ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን በነጭ ሻሽ አስረዋል። በእንግሊዝኛ «ወንድሜ!» አሉ።

ከይፋግ የመጡት አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው «ማን ናት እሷ? ዘመድ አለን እንዳትሉኝ እንጂ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እዚያ ቤት ያልገባው የለም። ለጥቁረቷ ነው፤ የባሪያ ዘር አለባችሁ ወይ ነው ጥያቄው።

«ኧረ ምን ዘመድ አለ! ያረፍንበት ክፍል ስትጠርግ የነበረች ሠራተኛ ናት» አለና ስልኩን ዘጋው።

ሽማግሌው «ክው ብዬ ቀርቼ ነበር» ብለው ሳቁ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱ ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። ጉባኤው ላይ ስለ ጥቁር ወንድማማችነት የተናገረ አፍ ሲስቅ ሳየው ተጸየፍኩት። እሱንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ ሰባት ቤታቸውንም ተጸየፍኩ። ተነሥቼ ግቢው ውስጥ ወጣሁና ደወልኩላቸው። እዚያ ገና ጠዋት ነበር።

«መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ። ልጅቱን አልመረቅኋትም» አሉኝ።

«አልተቋረጠም» አልኳቸው። «እሱ ነው የዘጋው። እህቴ ነሽ ያለዎትም ውሸት ነው፤ መልክዎ የእኛ ስለመሆኑ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«አውቅ ነበር» አሉ። «ያን ቀን ሲቆጥርልኝ አንተ ከሳህንህ ቀና አላልክም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉት?»

«እስከ ሰባት የቆጠረልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አሉኝ። «ባቋርጠው እንደ እኔው ቆጠራ ሦስተኛው ላይ ይቆም ነበር።»