ነገርን ከነዘመዱ ማስተማር

ከጌዴኦ፣ ከመንደሬ ከጪጩ የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ሳይጠነክር ነው። ወንድሜ ደሳለኝ ዲላ ድረስ ሊያደርሰኝ ሻንጣዬን ሞተሩ ላይ አስሮ ይጠብቃል፤ አባዬ ግን ጸሎቱን አልጨርስ አለ። በጌዴኦኛ ጀመረ፣ በአማርኛ ቀጠለ፣ አውሮፕላኑን ባረከ፣ አብራሪውን ባረከ፣ በዓይኑ አይቷቸው የማያውቀውን የኦስትሪያ ሰዎች ሁሉ ባረከ። እማዬ የጋገረችውን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሹራቦቼ መሃል ወሸቀችልኝና ፊቷን አዞረች።

ዲላ ሚኒባሱ አጠገብ ጋሽ ከድርን አገኘናቸው። ከስልጤ መጥተው ዲላ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

“ለስንት ጊዜ ነው ልጄ?” አሉኝ።

“ለሁለት ዓመት ነው፣ ጋሽ ከድር።”

ሳቁ። “እኔም ዲላ ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር።”

እንግዲህ አገር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ “አስቴር ፈረጠጠች” ያላችሁትም ጭምር፣ የሆነውን ስሙኝ። አልፈረጠጥኩም! ዲላ ለቱሪዝም ፖሊሲ ተማሪዎች ሲስተምስ ቲንኪንግ የሚባለውን ትምህርት አስተምር ነበር። እኔ በአማርኛ “ነገርን ከነዘመዱ ማየት” እለዋለሁ። ሆቴሉን ብቻውን አትይ፤ ውሃውን፣ ቆሻሻውን፣ መንገዱን፣ ሆቴሉ ሲከፈት ሽንኩርት የሚወደድባትን ጎረቤት አብረሽ እዪ ነው ነገሩ። አንድ የኦስትሪያ ኮሌጅ ይህንኑ እዚያ እንዳስተምር ጠራኝ፣ ሄድኩ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ኦስትሪያ ስደርስ አየር ማረፊያው ላይ የጉምሩኩ ሰው ቆጮዬን አወጣው።

“ምንድን ነው?”

“ዳቦ ነው።”

አሸተተው። “ከምን የተሠራ?”

“ከተክል። ተፍቆ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ…”

“ተቀብሮ?” ብሎ ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱ ሆነው እንደ ሬሳ መረመሩት። በመጨረሻ ቆጮውን ተዉልኝና ቅጠሉን ወሰዱት። ቅጠሉ አደገኛ ነው አሉ! እኛ ዝናብ ሲመጣ አናታችን ላይ የምንደፋውን፣ ምግብ የምናቀርብበትን፣ ቅቤ የምንጠቀልልበትን ቅጠል በጓንት ይዘው ሄዱ።

የደረስኩበት ከተማ እንደ አገሬ ደጋ እንደ ቡሌ ተራራ ላይ የተሰቀለ ነው። ብርዱ ግን የቡሌን ብርድ ጋቢ ያስመስለዋል። ሰዉ መንገድ ላይ “ግሩስ ጎት” ይላል፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ እንደማለት ነው፤ ብሎም ሳይቆም ያልፋል። እኛ ጋ ሰላምታ አንዴ ከተጀመረ ልጁም ከብቱም የጎረቤቱም ጉንፋን ሳይጠየቅ መች ያልቅና! መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ መልስ ስጠብቅ ጀርባቸውን ነበር የማየው።

አከራዬ ፍራው ሁበር የሚባሉ አሮጊት ናቸው። እዚያ አገር ማዕረግ ይወዳሉ፤ ማስተርስ ስላለኝ “ፍራው ማጊስተር”፣ ወይዘሮ ማስተርስ እንደማለት፣ ነበር የሚሉኝ። ቆጮዬን ያሞቅኩ ዕለት በሬን አንኳኩ።

“ፍራው ማጊስተር፣ እዚህ የሞተ ነገር አለ?”

“የለም፣ ምሳዬ ነው።”

“ይሸታል።”

“የእርስዎም አይብ ይሸታል። እኔ ግን ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም።”

አፈጠጡብኝ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። በማግስቱ ያንኑ አይብ ቆርሰው አመጡልኝ። ተዋደድን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ታዲያ የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እንደገና መጡ።

“ፍራው ማጊስተር፣ በረዶው ሳይወድቅ ክፍሉን ቢለቁልኝ። በበረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚመጡ እንግዶች አሉብኝ።”

“እኔስ እንግዳ አይደለሁም?”

“እርስዎማ አስተማሪ ነዎት” አሉኝ፣ በጣም በትህትና። ከነማዕረጌ፣ “እርስዎ” እየተባልኩ ተባረርኩ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ገጠመኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄር ብሩነር፣ አቶ ብሩነር መሆናቸው ነው፣ ለተማሪዎቼ የሰጡት የቤት ሥራ ለጌዴኦ የቱሪዝም ዕቅድ ማውጣት ነበር። ሉካስ የሚባል የሆቴል ባለቤት ልጅ ተነስቶ የአገሬን ዳገት በስክሪን አሳየን። በገበሬዎቹ የእንሰትና የቡና ጓሮ መሃል ሎጅ ይሠራል፣ እነሱ ወደ መንገድ ዳር ይወርዳሉ፣ እንግዳው ጫካውን ብቻውን ያያል። ጫካ! የአባቴን ጓሮ ነው ጫካ የሚለው።

ሲባጎ አወጣሁ። ከተማሪዎቹ አንዷን ገበሬ፣ ሌላውን እንሰት፣ ሌላውን ቡና፣ አንዱን ዋንዛ፣ አንዷን አፈር አደረግኋቸው፤ ሉካስን ሎጅ። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሲባጎው ተያያዙ።

“በል፣ ገበሬዋን አውርዳት” አልኩት። ገበሬዋ ለቀቀች። የሚኮተኩተው ያጣ እንሰት ለቀቀ። የሚጠብቀው የሌለ ዋንዛ ተቆረጠ፣ ጥላ ያጣ ቡና ለቀቀ፣ የሚይዘው ሥር ያጣ አፈር በዝናብ ሄደ። ሉካስ የረገበ ሲባጎ ይዞ ብቻውን ቀረ።

“አሁን ለእንግዳህ ምን ታሳየዋለህ?”

“ይሄ ትምህርት አይደለም፣ ጨዋታ ነው” ብሎ ወጣ። ቀጥታ የሄደው ወደ ኃላፊው ነው።

ሄር ብሩነር ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው ነው የተቆጡኝ። “ተማሪዎቹ ፖሊሲ ሊማሩ ነው የመጡት፣ ሲባጎ ሊጎትቱ አይደለም። የኮንትራትዎ ጉዳይ በቅርቡ ይታያል” አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ የታሰረው በየዓመቱ በሚታደሰው ኮንትራት ነው። በእኛ ቋንቋ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ማለታቸው ነው።

አላረፍኩም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ “ጌዴኦን ተዉት፣ ዛሬ የምናየው የእናንተን ከተማ ነው” አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት “ክፍሏን እንድትለቅ የተነገራት አስተማሪ” የሚል ነበር። ከዚያ አንዷ፣ ነርስ የሆነች እህቷ ቤት አጥታ ከታች ሸለቆው ውስጥ እንደምትኖር ተናገረች። ሌላው ዳቦ ቤቱ ሠራተኛ አጥቶ መዘጋቱን አነሳ። የላም አርቢዎቹ ልጆች ወደ ከተማ መሄዳቸው፣ ላም የማይግጠው መስክ በቁጥቋጦ መዋጡ፣ እንግዳው በበጋ የሚመጣው ደግሞ መስኩን ሊያይ መሆኑ ተከታትሎ መጣ። ሁሉን በመስመር እያገናኘሁ ስስል ሰሌዳው ሞላ።

ሉካስ ፊቱ ቀላ። “የእኔ ቤተሰብ የሚኖረው በእንግዳ ነው!”

“አውቃለሁ። የእኔም የሚኖረው በቡና ነው። ቡናውን ስለምወድ ነው ጥላውን አትቁረጡ የምለው።”

ተማሪዎቹ ሥራቸውን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለከንቲባው የሚያቀርቡበት ቀን ደረሰ። ሄር ብሩነር በር ላይ ያዙኝ።

“ማዘጋጃ ቤቱ ደጋፊያችን ነው። ስለ ከተማችን የሣላችሁትን ይህን ሥዕል ከሚቀርበው ውስጥ ያንሱት።”

“ካነሳሁት የማስተምረው የለኝም” ብዬ ገባሁ። ተማሪዎቹ አንድም ሳያስቀሩ አቀረቡት። ከንቲባው እስከ መጨረሻው ሰማ፣ አመሰገነ፣ እናስብበታለን አለ፣ ወይኑን ጠጣ። የእኛ አገር ስብሰባ መስሎኝ ሳቄ መጣ።

ኮንትራቴ ታደሰ። ሄር ብሩነር ዓይኔን ሳያዩ “ተማሪዎቹ ጠየቁ” ብቻ አሉኝ። ክፍሉን ግን ለቀቅኩ፤ ከታች ሸለቆው ውስጥ፣ ከላሞች በረት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል አገኘሁ። ፍራሼን ደረጃውን ያወጣልኝ ሉካስ ነው፣ ሳልጠራው መጥቶ። ፍራሹን አስቀመጠና “አሁንም ተሳስተዋል ብዬ ነው የማምነው” አለኝ። “እመን” አልኩት፣ “ግን መጥተህ ተከራከረኝ።” መምጣቱን አላቋረጠም።

ባለፈው እሑድ ቤት ደወልኩ። አባዬ ቡናው መቅላቱን፣ ኮንጋ ቀበሌ ያለው የቡና ማጠቢያ ሥራ መጀመሩን ነግሮኝ ስልኩን ለደሳለኝ ሰጠው።

“አስቱ፣ ለእኔም ጥሪ ላኪልኝ። እዚያ ምንም ሥራ እሠራለሁ።”

“ጓሮውስ? አባዬ ደክሟል። አንተ ከወጣህ እንሰቱን ማን ይተክላል? እንሰቱ ከጠፋ ቡናው፣ ቡናው ከጠፋ ዛፉ…” ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አድርጌ ቀጠልኩ። እሱም እንደ ጥሩ ተማሪ እስክጨርስ ሰማኝ።

“አስቱ፣” አለኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ “አንቺ ስትሄጂ ምንም አልፈረሰም። እኔ ስሄድ ነው የሚፈርሰው?”

ከበስተጀርባው አባዬ ሲያስል ተሰማኝ።

“ደሴ…” አልኩ። “ደሴ…”

“አለሁ” አለኝ። “እየሰማሁሽ ነው፣ ተናገሪ።”