ኮምፒውተሬን ዘይት ውስጥ የነከርኩ ጊዜ

ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ረጅም ገመድ ብቻ ነበር። ገመዱን ገዝቼ ኮምፒውተሩን ኮሪደር ላይ ባወጣው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ቀላል ነገር አይሆንልኝም። አምፖል ለመቀየር እንኳ መጀመሪያ የቤቱን የመብራት መስመር ማጥናት አለብኝ ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

የምንኖረው ከአገር ውጭ፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን ቀን አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የጭነት ወረቀት ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ከሥራ መልስ ግን መሐንዲስ ነኝ። ኮምፒውተሩንም ዕቃውን ከመሃል ከተማ ለቃቅሜ ራሴ ነው የገጣጠምኩት፤ ይህንን ሊፍት ውስጥ ለሚያገኙኝ ሰዎች ሁሉ ነግሬያለሁ። የምትሠራበት ግን ባለቤቴ ናት። እዚሁ ተወልደው አማርኛቸው በስዋሂሊ ለሚደባለቅባቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ራሷ እየሳለች ራሷ እየተረከች ተረት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ታዘጋጃለች። ለመጪው በዓል አሳያችኋለሁ ብላ ቃል ገብታላቸው ወራት ደክማበታለች። ችግሩ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነበር። ድምፅ በቀዳች ቁጥር የእሱም ጩኸት አብሮ ይገባል።

"ጅቡ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው" አለችኝ አንድ ቀን፣ የጆሮ ማዳመጫውን እያቀበለችኝ። ገመዱንም የጠየቀችኝ ያኔ ነው።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ኮምፒውተር የማዕድን ዘይት ውስጥ የሚነክሩ ሰዎችን ቪዲዮ ማየት ጀምሬ ነበር። የሕፃናት ቅባት የሚሠራበት ያ ጥርት ያለ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሙቀቱን ግን ይወስዳል። ስለዚህ ማራገቢያ አያስፈልግም፣ ጩኸትም የለም። ቪዲዮዎቹን በእጥፍ ፍጥነት ነበር የማያቸው። ወደ መጨረሻው ስደርስ ደግሞ ገብቶኛል ብዬ እዘላለሁ።

"ሥራዬ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ግልባጭ የለኝም" አለች ሐሳቤን ስነግራት።

"ለእኔ ተይው" አልኳት። ይህን ስል ፊቷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እንዳላየ ማለፍም ለምዶብኛል።

ዘይቱን ያገኘሁት መሃል ከተማ፣ የፀጉር ቅባት ለሚያዘጋጁ ሰዎች ጥሬ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ሻጩ ጀሪካኖቹን እየደረደረ ስንት ሳሎን እንዳለኝ ጠየቀኝ። ለኮምፒውተር ነው ስለው ጭንቅላቴን በደንብ ተመለከተና ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጀሪካኖቹን በጉልበቴ መሃል ይዤ የተቀመጥኩት የሰው ልጅን ችግር ልፈታ እንደምሄድ ሁሉ ቀና ብዬ ነው።

የዓሣ ማርቢያ መስታወት ገዝቼ የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ አሰመጥኩት። ሃርድ ዲስኩን ውጭ ብተወው ስለማያምር እሱንም አብሬ ከተትኩት። ዲስኩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ አጠገቧ እንዳትሸፍኗት የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። ዘይትም ይሸፍናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ስከፍተው ሠራ። ያውም ያለ አንዳች ድምፅ። ደስታዬ ልክ ስላልነበረው በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛዬን ምሳ ጠራሁት፤ ኢምባካሲ አንድ የካርጎ መጋዘን ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን የአገር ልጅ ነው። አማቴም ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። ልጃቸውን ከዳርኩላቸው... ይቅርታ፣ ከዳሩልኝ ጀምሮ ለእኔ ያላቸው አስተያየት ያልለየለት ስለሆነ፣ ያን ቀን እንዲለይልኝ ፈልጌ ነበር።

"ልጄ፣ ዓሣዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?" አሉኝ መስታወቱን እያዩ።

"ዓሣ አይደለም እማማ፣ ኮምፒውተር ነው" ብዬ ጀመርኩና ምሳው እስኪቀዘቅዝ አስረዳኋቸው። ስለ ሙቀት፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ እጄን እስከ ክርኔ ዘይቱ ውስጥ ከትቼ እያንዳንዱን ዕቃ እየነካሁ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከዚያ "ሥራ እንዲህ ነው" ብሎ ውኃ ሊጠጣ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሲመለስ ፍጥነቱን ልሞክረው ብሎ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠና ብዙ ቆየ። ቅናት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አማቴን በሸኘንበት ሰሞን ዘይቱ በየገመዱ እየተሳበ መውጣት ጀመረ። የኮምፒውተሩን ማውስ ያዘ፣ ምንጣፉን ያዘ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ስክሪኑ ዲስክ የለም አለኝ። ባለቤቴ ወጣ ብላ ነበር። ዲስኩን አውጥቼ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ኢምባካሲ ጓደኛዬ ጋ ሮጥኩ።

"ፖሌ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ አልቆለታል። እንደዚህ ዓይነቱ ዲስክ ዘይት ውስጥ አይገባም" አለኝ። "ያን ቀን ገና ሳየው አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አማትህ ፊት? እንደዚያ ደስ ብሎህ እያወራህ?"

ልቆጣ አልኩና አልቻልኩም። እኔም ብሆን አልናገርም። ሰው ቤት ወጡ ጨው ቢያጣ ጥሩ ነው ብዬ የምበላ፣ ጨምር ሲሉኝም የምጨምር ሰው ነኝ። ይሉኝታ እንዲህ ከሁለታችን በኩል ተጋግዞ የሚስቴን የወራት ልፋት ዘይት አስጠጣው ብዬ አሰብኩ።

"ቤትህ ግባና ንገራት" አለኝ፣ ፌስታሉን መልሶ እያስታቀፈኝ። ማታቱ ውስጥ የምላትን ደጋግሜ ተለማመድኩ። ሁሉም አረፍተ ነገር ጥፋቱን በቪዲዮው ላይ የሚያላክክ ሆኖ እየተገኘብኝ ተውኩት። ልጆቹ ፊት ባዶ እጇን ስትቆም ይታየኝ ነበር። እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቱም ይልቅ አፍሬ ነበር።

ቤት ስደርስ ወረቀት ላይ እየሳለች አገኘኋት። "ሥራሽን አጠፋሁት" አልኳት፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ።

ቀና ሳትል መሳቢያውን ሳበችና አንድ ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያን እሑድ ጓደኛዬ ማድ ቤት ገብቶ ነግሯት ኖሯል። ፍላሹን የሰጠችው እሷ ናት፤ እሱም ፍጥነት እሞክራለሁ ብሎ የተቀመጠው የእሷን ሥራ ሊገለብጥ ነው። የእኔ ፎቶዎችና የእኔ ጌሞች ግን ከዲስኩ ጋር ቀርተዋል።

"ያኔውኑ አውጣው ብትይኝ ኖሮ ዲስኩም ይተርፍ ነበር" አልኳት።

"እናቴ በደወለች ቁጥር ያ ባልሽ ግን ምን ሙያ አለው ስትለኝ ነው የኖረችው" አለች። "ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ስትሰማህ አየኋት። ዲስክ ይገዛል።"

ላቅፋት ጠጋ አልኩ። ፌስታሉ ሲያንጠባጥብ ስለመጣ ሸሚዜ ከደረቴ እስከ ቀበቶዬ ዘይት ሆኗል። በአንድ እጇ ሥዕሏን አሸሸች፣ በሌላው ገፋ አደረገችኝ።

"መጀመሪያ ታጠብ" አለችኝ።