ከቆጣሪው ጀርባ ያለችው ብሎን

የሥራ ባልደረባዬን «ጆሮ» ብለው የሰየሟት አለቃችን ናቸው። ስሙን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በዚህ የሆስፒታል ጥገና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ለእኔ ቅጽል ስም ያወጣልኝ የለም፤ እሷ ግን በመጣች በሦስተኛ ወሯ ተሰየመች።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸው ሲንገጫገጭ የትኛው ብሎን እንደላላ ከመኝታዋ ሆና ትነግራቸው ነበር አሉ። እሳቸው ሲሞቱ መኪናውን አልሸጠችውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰፋችበት ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። ይህንንም ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያወራል። እኔም እናቴን እጦራለሁ፤ ማን አወራልኝ?

አለቃችን በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። የክፍሉን ቁልፍ የተረከበ አለቃ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ኪሴን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ። በዚህ መሃል የጨረር መለኪያው ታመመ። ሠራተኞች የጨረር ሕክምና ክፍሉን ሲለቁ እጃቸውና ልብሳቸው ላይ ጨረር አለመቅረቱን የሚያዩበት መሣሪያ ነው። ማንም አጠገቡ ሳይኖር ጠቅ ጠቅ እያለ ይቆጥር ጀመር። ነርሶቹ ፈርተው ክፍሉን ጥለው ወጡ።

«ይህን ያዳነ ቁልፉን ይወስዳል» አሉ አለቃ።

ጨረር ያለው መድኃኒት ፈስሶ ይሆናል ብዬ ወለሉን ሁለቴ አሳጠብኩ፤ የመሣሪያውን ጨረር የሚያነፈንፍ መመርመሪያ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ቀን ጆሮ መጣችና ወደ መመርመሪያው የሚሄደውን ከፍተኛ ቮልቴጅ አጠፋችው። ያለዚያ ኃይል መመርመሪያው ዕውር ነው፤ ጨረር ቢኖርም አያይም። በገመድ የተያያዘው ቆጣሪ ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨረር አይደለም፤ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣ ረብሻ ነው» አለችኝ።

ይህንን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ፊቴ ጋለ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ማዳመጧን ያዘች።

«እስቲ በአሳንሰሩ አንዴ ወጣ ብለው ይውረዱ።»

የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው እያልኩ ወጣሁ፤ ወረድኩ። ስመለስ ከቆጣሪው ጀርባ ተንበርክካለች። አሳንሰሩ በተነሣ ቁጥር ይቆጥራል አለችኝ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የመመርመሪያው ገመድ ረብሻ የሚከላከልለት የሽቦ ሽፋን አለው፤ የእኛ መሣሪያ ላይ ሽፋኑ ከመሬት መስመር ጋር የሚታሰረው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ገመዱን ስቀይር፣ ለጥንቃቄ ብዬ፣ ሁለተኛውንም ጫፍ ከቆጣሪው ጀርባ ባለች ብሎን አሰርኩት። የአሳንሰሩ ሞተር ረብሻ በዚያ መግቢያ አገኘ። የማን እጅ ሥራ እንደሆነም ከብሎኗ አጠገብ በእርሳስ ያኖርኩት ፊርማ ይመሰክራል።

ፊርማዬን አየችው። ብሎኗን ፈታች፤ ቆጣሪው ጸጥ አለ። ከዚያ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ፊርማዬን አጠፋችው።

አለቃ ገቡ። «ማነው ያገኘው?»

«ጋሼ ናቸው» አለች ቶሎ ብላ። «በአሳንሰሩ ወጥተው ወርደው አረጋገጡት።»

አይ፣ እሷ ናት ልል አፌን ከፈትኩ። አለቃ ቁልፉን ሲያቅጨለጭሉ አየሁና ሆድ ይፍጀው ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ቁልፉ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፣ እኔንም አላደመቀኝ። ጠዋት ስደርስ እሷ ቀድማኝ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?» ትለኛለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ደህና ነኝ እላታለሁ። ድሮ የምቀናው በጆሮዋ ነበር፤ አሁን በእንቅልፏ እቀናለሁ።