ማሽኑ ያላወቀው ስም

ተማሪዎቿ «እትዬ ቆልፉ» ይሏታል። በዩኒቨርሲቲው የመረጃ ደኅንነት ታስተምራለች፤ ክፍል ስትገባ ከሰላምታ በፊት ከአፏ የሚወጣው ቃል ይኸው ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ኮምፒውተሩን ሳይቆልፍ ወደ ሽንት ቤት የሮጠ ተማሪ ሲመለስ፣ «ነገ ኬክ ጋባዣችሁ እኔ ነኝ» የሚል መልእክት በገዛ ስሙ ለክፍሉ በሙሉ ተልኮ ያገኘዋል። ላኪዋ እሷ ናት። ኬኩም አይቀርም፤ በትምህርት ክፍላችን እንደ ሕግ ሆኗል። ቢሮ የምጋራት እኔም ደጋግሜ ጋብዣለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሷ የማወራው ነገር ትንሽ ቂም እንዳለበት ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ቢሯችን ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የሚያንኮራፋ አሮጌ ሰርቨርና ተከፍቶ የማያውቅ መስኮት አለን። እሷ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጣለች፣ ማንም ከኋላ መጥቶ ስክሪኗን እንዳያይ። ስለ ራሷም አታወራም። አባቷ ልብስ ሰፊ መሆናቸውን፣ እናቷ ከሞቱ ወዲህም ከሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን እንደሚኖሩ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አብረን የምንሠራው ጥናት አረጋውያን የስልካቸውን የምስጢር ቁጥር ለማን እንደሚያምኑ የሚመረምር ነበር። ተማሪዎች በየጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ድምፅ ይቀርጻሉ። ከጥያቄው በፊት ለተጠያቂው የሚነበበውን ቃል የጻፈችው እሷ ናት፤ «ማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም፣ እኛም ጭምር» ይላል። እኔ «እኛም ጭምር» የምትለዋ ትውጣ ብዬ ተሟግቼ ነበር። «እሷ ከወጣች ምን ቀረን?» ብላ አስቀረቻት። ድምፅ የሚሸፍነውንም ፕሮግራም ራሷ ናት የሠራችው። የተናጋሪውን ድምፅ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ እንዳይለይ አድርጎ ይለውጠዋል፤ የሰው ስም ሲጠራ ደግሞ ቆርጦ በፉጨት ይተካዋል። በዚህ ፕሮግራም አትታማም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጡትን ቅጂዎች ተካፍለን ስንሰማ፣ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሰው ዕቃ ሲወረውር የምትቆጣው እሷ ነበረች።

«አባቴ ነው» አለችኝ።

የጥናቱ ባልደረባ ነኝና እኔም ሰማሁት። ጠያቂዋ ተማሪ «ስልክዎን ከእርስዎ ሌላ የሚከፍተው ሰው አለ?» ትላለች።

«የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አለች። ቁጥሩን ሰጥቻታለሁ፤ መልእክት ታነብልኛለች። ዓይኔ ከድቶኛል።»

«የራስዎ ልጅ የለዎትም?»

«ሞልተውኝ! ትልልቆቹ ሩቅ ናቸው። ቅምቅማቴ ግን እዚሁ ናት። ለሷ ትንፍሽ አልልም። ሐኪሙ የግራው አልቆለታል፣ የቀኙም ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይተርፍም ብሎኛል። ይህን ከሰማች ሱቄን አዘግታ፣ አንጠልጥላ ቤቷ ታስገባኛለች። እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?»

ቅምቅማት የልብስ ጠርዝ ታጥፎ የሚሰፋበት ነው። ፕሮግራሙ ስም አልመሰለውም። ቅጂውን ያጣራችው ተማሪም የሙያ ቃል መስሏት አለፈችው። አባቷ ግን ልብሱ እዚህ ላይ አለቀ ለማለት የመጨረሻ ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጠሯት በዚህ ነው።

«ለማታውቀው ልጅ ነገራት» አለች፤ እንባዋ መጣ። «በየሳምንቱ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ እኮ። ለእኔ ደህና ነኝ ይለኛል።»

ሰው ሲያለቅስ መላ መምታት ልማዴ ነው። «ምን ችግር አለው? ዛሬውኑ ሂጂና መርፌ ላይ ክር አስገባልኝ በያቸው። አለማየታቸው እዚያው ይጋለጣል፣ ከቅጂው የሰማሽውም አይመስልም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የምትለው ይገባሃል? በምስጢር የነገረንን ይዤ ሄጄ ወጥመድ ላጠምድበት?»

«ዓይናቸው እየጠፋ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ! ማወቄ አይደል እንዴ ጣጣው!»

በገንኩባት። የአንድ ሽማግሌ ብርሃን ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ነው ብዬ ጮኽኩባት። ተነሥታ፣ ኮምፒውተሯን ቆልፋ፣ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ሄደች፤ ተከተልኳት። ሰብሳቢው ንግግራቸው ቀርፋፋ ነው፤ አንዱን ነገር እስኪጨርሱ ሰው ያረጃል። ሰምተው ሲያበቁ «የገባነው ቃል ሲፈርስ ደንባችን ምን ይላል?» አሏት።

«ቃሉ ለተገባለት ሰው ይነገረዋል።»

«በማን?»

«በዋና ተመራማሪዋ። ከአንድ ባልደረባ ጋር።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

በማግስቱ ሄድን። ሱቁ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና የጨርቅ ክምር ብቻ ነው። አባቷ ስፌቱን በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ይሠራሉ። ኮታቸው ደረት ላይ ክር የገባላቸው መርፌዎች ተደርድረዋል፤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሥራ መሆን አለበት። የእኔ ወጥመድ እንኳን ሊይዛቸው፣ ያስቅባት ነበር።

ልጃቸው አልተቀመጠችም። «አባባ፣ ዛሬ እንደ ልጅ አይደለም የመጣሁት። ጤና ጣቢያ ጠይቀውህ ነበር። ማንም አያውቅህም የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃላችን ፈረሰ። አውቄሃለሁ።»

እግራቸውን ከፔዳሉ አነሡ። «በምን አወቅሽ? ድምፅዎ ይለወጣል ብላኛለች የጠየቀችኝ ልጅ።»

«በምትጠራኝ ስም።»

ፈገግ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። «ለመንገደኛ ብዬ ነው የተናገርኩት» አሉ። «አንዳንድ ነገር ለመንገደኛ ብቻ ነው የሚወጣልህ። እሱንም ወሰዳችሁብኝ።»

ይህን ሲሉ ያዩት እኔ ወደቆምኩበት ነው፤ አንገቴን ደፋሁ። ትናንት ቢሮ ውስጥ ስጮኽባት ይህ አልታየኝም ነበር።

«ይቅርታ አባባ» አለች። «ከፈለግህ እናጠፋዋለን። መብትህ ነው።»

«አጥፊው።»

ከሰበሰብናቸው ሁሉ የተሻለው ቅጂ እሱ ነበር። አፌን ልከፍት ስል አየችኝ፤ ዘጋሁት። ጨርቁን ገፋ አድርጋ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እንዲያዩት ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረች። ካዞረችው በኋላ እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ማጥፊያውን ተጫነች።

«ጠፋ?» አሉ። ፊታቸው ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ድምጿ ነበር።

«ጠፋ አባባ። መጠባበቂያ ቅጂውም የለም።»

«እንግዲህ አንቺን ማመን ነው። እኔ አይታየኝም።»

 መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሱሪ ቀስ ብለው አወጡት፣ አጣጠፉት።

«አይታየኝም፣ ልጄ» አሉ እንደገና፣ ለእሷ። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን እስኪያገኙት ፈለጉት። «ሱቄን አልዘጋም። ሐኪሙ ዘንድ ግን ውሰጂኝ።»