ውሃው ያልተደፋ ንፍሮ

የወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው የሰፈሩን ጓዳ ሁሉ ያውቃል። ማን ጤፉን ትቶ ወደ ስንዴ እንደዞረ፣ ማን በቆሎ መደባለቅ እንደጀመረ፣ ማን ድግስ እንዳለበት፣ ማን ድግሱን እንደሰረዘ ከማዳበሪያው አፍ ይታየኛል። እኔ ዙቤዳ፣ ኮልፌ እዚህ ወፍጮ ቤት ከተቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ጥሩነህ በቀጠሩኝ ቀን የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ «ዓይን ይኑርሽ፣ አፍ አይኑርሽ።» እውነታቸውን ነው። የሰው እህል አይቶ መናገር በኛ ሥራ ነውር ነው፤ ድሃ ሸፍኖ ያመጣውን በሰው ፊት ስሙን መጥራት ገመናውን መግለጥ ነው።

አንድ ጊዜ ተሳስቼ አፌን ከፍቻለሁ። አንዲትን ሴት «በርበሬሽ ውስጥ ባዕድ ነገር አለ» ብላት፣ ምቀኛ ናት ብላ ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆመችው። ጋሽ ጥሩነህ ጠርተው «ሁለተኛ ከደገምሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አሉኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ሚዛን ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ። አሁንም ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ወደ ብዙነሽ ነገር መግባት ፈርቼ ነው።

ብዙነሽ ጎረቤቴ ናት። ወላጆቿ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ገበያ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች። ባሏ ደግፌ ግንበኛ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ኤልዳና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፀሎት ሰባት። ሥራ ሲኖር ከደግፌ ጉልበት ይበላሉ፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ከብዙነሽ ብልሃት። ሌላው ሰው የሚጥለውን የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠል ቀጭን አድርጋ ከትፋ በነጭ ሽንኩርት ትሠራዋለች። የቀይ ሥሩን ቅጠል እንደ ጎመን ትቀቅላለች። የሽፈራው ቅጠል አድርቃ ሽሮዋ ውስጥ ታስገባለች። ባቄላም ይሁን ሽምብራ ሳትዘፈዝፍ እሳት ላይ አትጥድም፣ ከሰል ይቆጥብላታል። ሥጋ ከማይጠፋበት ቤት ልጆች ይልቅ የእሷ ልጆች ፊት ይወዛል። እውነቱን ልናገርና፣ እቀናባት ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ የጎመን ቅቅል ውሃ መድፋት የጎመኑን ጉልበት መድፋት ነው ብላ መክራታለች። ነርሷ አልተሳሳተችም። ብዙነሽ ግን አንድ ነገር ከተማረች እስከ ጥግ ነው የምትወስደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቷ የእህል ውሃ ተደፍቶ አያውቅም፤ በዘፈዘፈችበት ትቀቅላለች፣ ከቅቅሉ የተረፈውን ሊጥ ታቦካበታለች። በቸርቿ የሴቶች ጸሎት ላይ ሳይቀር ይህንኑ ታስተምራለች ይላሉ።

ያለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ማዳበሪያ ተሸክማ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«እትዬ ዙቤዳ፣ ዛሬ ጌታ ባረከኝ» አለችኝ። «አተር በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ነጋዴው መልኩ ትንሽ ይለያል እንጂ ያው አተር ነው አለኝ።»

እጄን ወደ ማዳበሪያው ሰደድኩ። እጄ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው። አተር ክብ ነው፤ ይህ ጠርዝ አለው፣ እንደተሸረፈ ጥርስ ጣት ላይ ይሻክራል። ጓያ ነበር።

አዲስ አበባ ተወልዶ ጓያን በዓይኑ የሚለይ ብዙ ሰው የለም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ የደላንታ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሌላው እህል ሲከዳን የበቀለው ጓያ ብቻ ነበር። ጠዋት ቂጣው፣ ማታ ንፍሮው። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር ሲበሉት ክፋት የለውም፤ ሽሮው እንዲያውም ይጣፍጣል። በየቀኑ፣ ወር ከወር ሲበሉት ግን እግር ይይዛል። ወንድሜ ሽኩር ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ባቱን ያዘው። ቀጥሎ ሜዳ መንገድ ላይ ይደናቀፍ ጀመር። ከዚያ አንድ ዱላ፣ ከዚያ ሁለት ዱላ። ሐኪም ምንም አላደረገለትም፣ ሊያደርግለትም አይችልም። በኛ አገር «እከሌን ጓያ ሰበረው» ከተባለ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሴትዮ እጄን ከማዳበሪያው አወጣሁና ኪሎውን ነገርኳት። ከኋላዋ አራት አምስት ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ጋሽ ጥሩነህ በሩ ላይ ወንበራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ለሽሮ ነው የምታስፈጨው፣ ሽሮ ደግሞ አይጎዳም፣ ይህ ሲያልቅ ሌላ እህል ትገዛለች አልኩ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኅዳር ላይ ሌላ ማዳበሪያ ጓያ አመጣች። በዚህኛው ጊዜ «ሸከር አድርጉልኝ፣ ለቂጣ ነው» አለች። ሸከር አድርገን ፈጨንላት። ሄዳ ከዓይኔ እስክትጠፋ ጀርባዋን አየሁት፣ ከዚያ የቀጣዩን ሰው ማዳበሪያ ሚዛን ላይ አወጣሁ።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የሚፈጭ ሳትይዝ መጣች። በእጇ ምሳ ዕቃ ይዛለች፣ ውስጡ ትኩስ ንፍሮ።

«ይቅመሱልኝ እስቲ። ሁልጊዜ ለእኛ ሲደክሙ ነው የሚውሉት» አለችኝ።

አንድ ጭብጥ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ጣፈጠኝ።

«ውሃውን ደፍተሽዋል?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሲደረግ! በዘፈዘፍኩበት ነው የምቀቅለው። እዚያው እስኪደርቅ ነው የማበስለው፣ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ አይደል እንዴ?»

እናቴ የጓያን ውሃ ሦስት ጊዜ ነበር የምትደፋው፣ ያውም ዶሮ በማይደርስበት ቦታ። ክፉው ነገር ከውሃው ጋር ይወጣል ትል ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሽኩር አልዳነም። ብዙነሽ ደግሞ አንዲት ጠብታ አላባከነችም።

«ልጆቹ ይወዱታል?»

«እነሱማ ሰልችቷቸዋል፣ እንጀራ ካላዩ ያኮርፋሉ። ደግፌ ነው እንጂ! እንጀራውን ለልጆች ይሁን ብሎ ከተወ ሁለት ወሩ። ጠዋት ቂጣውን፣ ሥራ ቦታ ንፍሮውን፣ ማታም እሱኑ። ከዚህ ሌላ አይቀምስም።»

አፌን ከፈትኩ። ወፍጮው ይጮሃል። ጋሽ ጥሩነህ ወደኛ ዞረው ያያሉ። ብዙነሽ ያልሰማች መስሏት ጆሮዋን አስጠግታ «ምን አሉኝ?» አለች።

«ጨው አልበዛበትም ወይ?» አልኳት።

ራሴን የምጠላው ለዚያች ቃል ነው። ሌላውን ሁሉ ፍርሃት ነው ልል እችላለሁ፤ ያችን ግን ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲህ የደግፌን እግር ማየት ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ወደ አየር ጤና ታክሲ ለመያዝ በወፍጮ ቤቱ በር ነው የሚያልፈው። እንደ ድሮው ያፏጫል፣ እንደ ድሮው «እንዴት አደሩ እትዬ» ይላል። ጥር ሙሉ ምንም አላየሁም። ተሳስቼ ይሆናል፣ የሽኩር በረሃብ የደከመ ሰውነት ነበር፣ የከተማ ሰው አይነካውም ማለት ጀመርኩ። የካቲት ሲገባ ፉጨቱ ቀረ። ሰላምታ ሲሰጠኝም ቀና አይልም፤ የሚረግጠውን ነው የሚያየው።

አንድ ቅዳሜ ማዳበሪያውን እሱ ራሱ ይዞ መጣ። ደረጃ የለንም፣ በሩ ላይ ጣት የማትሞላ ከፍታ ናት ያለችው። እሷ አደናቀፈችው። ወደፊት ተንደርድሮ ሚዛኑን ተደገፈ። ጎንበስ ብዬ ጫማውን አየሁ፤ ተረከዙ ደህና ነው፣ የሁለቱም አፍንጫ ግን ተልጦ አልቋል።

«ምን ሆንክ አንተ ልጅ?»

«ድካም ነው እትዬ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ መሰላሉ ነው መሰለኝ» አለና ሳቀ። «ጠዋት ጠዋት ባቴን ይይዘኛል። ስሠራ ይለቀኛል።»

ባቴን ሲል ማዳበሪያውን ተቀብዬ ከወንበሬ ሥር አስገባሁት። «ሰልፍ አለ፣ ሰኞ ውሰደው» አልኩት። ሰልፍ አልነበረም። እሱ ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔም ቀትር ላይ ጋሽ ጥሩነህን ሳላስፈቅድ ሚዛኑን ጥዬ ወጣሁ። ያን ቀን ቢያባርሩኝ ደንታዬ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ደንታ ባይኖረኝ ኖሮ አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ባልኖረ።

ብዙነሽ ደጇ ላይ ከሰል እያቀጣጠለች ነበር። ጓያው በትልቅ ሳፋ ተዘፍዝፎ አጠገቧ ተቀምጧል። ሰላም ሳልላት ሳፋውን አንስቼ እህሉንም ውሃውንም ቦይ ውስጥ ደፋሁት።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ፈራችልኝ። ያበድኩ መስሏታል።

ነገርኳት። ስለ እህሉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሽኩር ሁለት ዱላ፣ ዛሬ ስላየሁት ጫማ። ቆማ ሰማችኝ፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ደርቆም መጥረጓን አላቆመችም።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች።

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «የመጀመሪያው ቀን» አልኳት። «ጥቅምት።»

ጣቷን እያጠፈች ወሮቹን ቆጠረች። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺ እህል ስትለቅም፣ ስትዘፈዝፍ፣ ጠብታ ስትቆጥብ የኖረች ሴት፣ በገዛ እጇ በየቀኑ ምን እንደጠቀለለችለት አሁን ገባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልል፣ ስትጥል እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

«ወንድምዎ መብላቱን ሲያቆም ተሻለው?»

«ባለበት ቆመለት። የሄደው ግን አልተመለሰም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ልጆቿን ጠራች። ከጎረቤት ግቢ እየሮጡ መጡ፤ ሩጫቸውን ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«ዝለሉ» አለቻቸው።

«ለምን?» አለች ኤልዳና።

«ዝም ብላችሁ ዝለሉ። ከፍ አድርጋችሁ።»

ዘለሉ። ፀሎት ገመድ እንዳለ ሁሉ እየቆጠረች ዘለለች፣ ኤልዳና እያፈረች። ደግማ አዘለለቻቸው፣ ሠለሰች። አራቱም እግሮች ከመሬት ተነስተው መሬት ሲያርፉ ትንፋሽ አወጣሁ። ብዙነሽ ግን ትንፋሿን እንደያዘች ነው፤ ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ ግቢው በር ታያለች።

ደግፌ ነበር። ሲሚንቶ አልቆ ቀደም ብለው ተለቀዋል። ግድግዳውን በአንድ እጁ እየነካ ገባ።

«ምን ጨዋታ ነው ያለ እኔ?» አለ።

«ዝላይ ነው አባዬ» አለች ፀሎት። «እማዬ ናት ያለችን። አንተም ና ዝለል።»

ደግፌ የመሣሪያ ቦርሳውን አስቀምጦ በልጆቹ መሃል ገባ። ጉልበቱን አጠፍ አደረገ። እጆቹን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ላይ ወረወራቸው፤ ትከሻው ተነሳ፣ አንገቱ ተነሳ። እግሮቹ መሬት ላይ ነበሩ። እንደገና ሞከረ፣ አሁን ጥርሱን ነክሶ። ልጆቹ የሚቀልድላቸው መስሏቸው ሳቁ። እሱም መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ።