እስከ ቅዳሜው ጨዋታ

ሮማንወርቅ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ያወቀችው ከወንበር ሥር ነው። ዌምብሊ ስታዲየም ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ሰዉ ጥሎት የሄደውን የቢራ ኩባያና የቺፕስ ካርቶን ከየረድፉ ከሚለቅሙት አንዷ እሷ ናት። አሜሪካኖቹ አልፎ አልፎ እየመጡ ሲጫወቱ ቆሻሻው ከሁሉም ቀን ይብሳልና አትወዳቸውም ነበር። «እነዚህ ሰዎች ለመጫወት ነው የሚመጡት ለመብላት?» እያለች ብፅዓትን ታስቃታለች። ብፅዓት አብራት የምትሠራ፣ ከእነሱ ፎቅ ሥር የምትኖር ጎረቤቷ ናት።

አንድ ልጇ ከዚህ ሁሉ ጨዋታ መርጦ ያንን ይወዳል ብሎ ማን ጠረጠረ? ዘማርያም ገና ልጅ እግር ሳለ፣ ፊንስበሪ ፓርክ አንድ ክለብ ልጆች እንደሚያሠለጥን ሰምቶ መጣና ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሥልጠናው ደግሞ እሁድ ነው። ሮማንወርቅ በእሁድ ቀልድ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ትታ ኳስ ሜዳ! አይሆንም አለች። ባሏ መዝገቡ ግን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ «ከቅዳሴ በኋላ እኔ እወስደዋለሁ» አለ። ወሰደውም። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው፣ በዕረፍት ቀኑ ባቡር ተሳፍሮ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ሕጉን የማያውቀውን ጨዋታ ሜዳ ዳር ቆሞ ሲያይ ይውል ነበር። ልጁም ኳስ በወረወረ ቁጥር ወደ አባቱ ዞሮ «አባዬ፣ አየኸው?» ይለዋል።

«አየሁት» ይላል መዝገቡ። ከዚህ ሌላ የሚጨምረው የለም፤ ለልጁ ግን ይበቃው ነበር።

ዘማርያም ኳርተርባክ ሆነ። መዝገቡ ነገሩን እድር ላይ ሲያስረዳ፣ «ኳሷን የሚቀበላት እሱ ነው፤ ለማን እንደምትሄድ የሚወስነውም የሚወረውራትም እሱ ነው። ካሸነፉ ይሸከሙታል፣ ከተሸነፉ ይሰድቡታል» አላቸው። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዳኛቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ታዲያ ሾፌር ነው በለን እንጂ!» አሉ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ የጠየቀ የለም።

ልጁ እየጎለመሰ ሄዶ አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ የትምህርቱን ወጪ ችሎ ወሰደው። ሮማንወርቅ ሂትሮው ላይ ስታለቅስ፣ መዝገቡ ጀርባዋን ይዞ «አሁን ምን ሆነ ትያለሽ፣ ሊማር ነው እኮ» ይላት ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን የሚወርዱበትን ጣቢያ ያሳለፋቸው እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሾፌር፣ የገዛ ቤቱ ጠፋበት።

ልጁ በመጨረሻው ዓመቱ ስሙ ተነሣ። ትልልቆቹ ቡድኖች በኤፕሪል ከየኮሌጁ በየተራ ተጫዋች የሚመርጡበት ድራፍት የሚባል ነገር አለ፤ እሱም ይመረጣል ተባለ። ያን ዓመት ነው እንግዲህ መዝገቡ የታመመው። ብርዱ ሲገባ ምግብ እንቢ አለው፣ ልብሱ ሰፋው። ሐኪሞቹ ካንሰር ነው፣ ቆሽቱ ላይ ነው አሉ፤ የሚሉትንም ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ አሉ። ለዘማርያም የተነገረው ግን ጨጓራ ነው ተብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ መዝገቡም ተስማምቶ ነበር፤ «ፈተናውን ይጨርስ፣ አታስደንግጡት» ብሎ።

ጃንዋሪ ሲገባ ልጁ ደወለ።

«እማ፣ ኢንቫይት አደረጉኝ» አለ። ከድራፍቱ በፊት ከየኮሌጁ የተመረጡ ልጆች ባንድ ከተማ ተሰብስበው ሳምንቱን ሲለማመዱ ይሰነብቱና ቅዳሜ ይጋጠማሉ፤ የትልልቆቹ ቡድኖች ሰዎችም ዙሪያውን ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። «ግን የግድ አይደለም። ከኔ በላይ ያሉት ኳርተርባኮች ብዙዎቹ ስኪፕ ያደርጉታል። ኤጀንቴም ብትቀር ምንም አይቀርብህም ብሎኛል። ያንን ሳምንት ለንደን ልምጣ? የአባዬ ድምፅ ደስ አላለኝም።»

ሮማንወርቅ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው የመጀመሪያውን ነው። ልጇ ተጠርቷል። እሷ ባደገችበት አገር የተጠራ ሰው ይሄዳል፤ የሚቀረው የተጣላ ነው፣ ወይም የናቀ። እሷ ራሷ ትኩሳት ይዟት ሠርግ ሄዳለች፤ ለአንድ ክርስትና ብላ ከዌምብሊ ብሪክስተን ድረስ በበረዶ ተጉዛ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ተመልሳለች። ታዲያ ልጇን እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች በስሙ ጠርተውት ሊቀር?

«ተጠርተህ ትቀራለህ?» አለችው። «ሰው አክብሮ ሲጠራህ! ነገ በምን ዓይናቸው አይተው ይመርጡሃል?»

«እማ፣ እዚህ እንደዛ አይደለም። ኖ ማለት ነውር አይደለም።»

«በል ዝም በል፤ ሂድ። አባትህ ደህና ነው። ጨጓራው ነው፣ ታውቀው የለ።»

«እሺ» አለ በመጨረሻ። እናቱን እሺ ማለት ያስተማረችው እሷው ናት።

የልምምዱ ሳምንት በገባ ሰኞ መዝገቡ ሆስፒታል ተኛ። ማክሰኞ ጧት ሮማንወርቅ ከንፈሩን በርጥብ ጥጥ ስታብስለት፣ «ዘማርያምን ጥሪልኝ» አላት።

«ቅዳሜ ጨዋታ አለው። ሰኞ እዚህ ነው፤ ቲኬቱን ቆርጧል።»

መዝገቡ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለ።

ሮማንወርቅ ኮሪደር ወጣች። ስልኳን አወጣች፣ የልጇን ስም አገኘች፣ አውራ ጣቷን ከስሙ በላይ አንጠልጥላ ቆመች። ብትደውል ልጁ ሁሉን ጥሎ ሮጦ እንደሚመጣ ታውቃለች። ከዚያስ? ያን ሁሉ እሁድ፣ ያን ሁሉ ዝናብ፣ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ስልክ አፈር ላስበላው? ደግሞስ መዝገቡ ስንቱን ተሻግሯል፤ አንድ ሳምንት ያቅተዋል? እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ደውዬለታለሁ፣ ልምምድ ላይ ነው» አለችው ባሏን። ያመናት ይመስለኛል። ካላመናትም አልተናገረም፤ መዝገቡ ክርክር አይወድም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዐረፈ።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በሰው ሞላ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ወለሉ ላይ ተደረደሩ፤ እድርተኛው ወንበርና ድስት ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ጋሽ ዳኛቸው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሮማንወርቅን ወደ ጓዳ ጠሩዋት።

«ልጁ አልሰማም አይደል?»

«አልሰማም።»

«እንዳይሰማ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል? ቀብሩ እንደሆነ እዚህ አገር ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ይደርስበታል። ጨዋታውን ጨርሶ ይምጣና እኛ በወጉ እንነግረዋለን።»

«እርስዎ እንዳሉ» አለች ሮማንወርቅ። እንዲህ ብለው ባይሏት ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር እንጃ፤ ሲሏት ግን ትልቅ ሸክም የወረደላት መሰላት።

ብፅዓት ብቻ ናት በሩ ላይ ይዛ ያንሾካሾከችላት። «ሮሚ፣ ልጁ እዚህ ነው ያደገው። ወጋችንን አያውቀውም። ንገሪው።»

«ሽማግሌ ተናግሯል» አለች ሮማንወርቅ፤ አልፋትም ገባች።

ቅዳሜ ምሽት ለቅሶ ቤቱ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ሮማንወርቅ ውሃ ልቅዳ ብላ ተነሣችና ወርዳ ብፅዓት ቤት ገባች፤ ስልኳ ላይ ጨዋታውን ከፈተች። ልጇን በቁመቱ ለየችው። የሚሆነው ነገር ግማሹ አልገባትም። አንዴ ግን፣ ሦስተኛው ኳርተር በሚሉት ሩብ ጨዋታ ላይ፣ ግዙፍ ግዙፍ ልጆች ከግራና ከቀኝ ሲመጡበት ዘማርያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ኳሷን ለቀቃት። ሄደች፣ ሄደች፣ ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ የሚሮጠው ልጅ እጅ ላይ አረፈች። በስታዲየሙ የተሰበሰበው ሰው ብድግ አለ። ሮማንወርቅ በጥቁር ልብሷ የሰው ኩሽና መሐል ቆማ እልል ልትል አፏን ከፈተችና በመዳፏ ያዘችው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ቪዲዮ ነው። ተከትላት የወረደችው ብፅዓት አየቻት። ሮማንወርቅ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ መነጨቀች፣ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የብፅዓትን ቢጫ ሻሽ አሰረች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበችና ፈገግ አለች።

«እማ! አየሽኝ?»

«አየሁህ የኔ ጌታ! አኮራኸኝ!»

«አባዬስ? ሦስተኛው ኳርተር ላይ የወረወርኩትን አየው?»

እዚህ ላይ አላየውም ብትለው የሚፈርድባት አይኖርም ነበር። ተኝቷል ማለት ትችል ነበር፤ ሌላ ምክንያት አይጠፋም። ግን የልጁ ፊት እንደዚያ በርቶ ሲጠብቃት፣ ልቧ አልቻለም።

«አየው» አለች።

«ምን አለ?»

«'አየሁት' አለ። ደስ ብሎት… አሁን እንቅልፍ ወስዶታል።»

ዘማርያም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። «ኳሷን ሰጥተውኛል። ለሱ ነው የማመጣለት፣ እንዳትነግሪው!»

ስልኩ ሲዘጋ ብፅዓት ጀርባዋን ሰጥታት ሳህን ታጥባለች።

ሰኞ ጧት ሂትሮው ላይ የቆሙት ብዙ ነበሩ፤ ጥቁር ካፖርት የለበሱ የእድር ሽማግሌዎች። አገር ቤት ያደገ ሰው ያንን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲያይ ገና ሳይነገረው ያውቃል። ዘማርያም ግን የለንደን ልጅ ነው። ለእንኳን ደስ ያለህ የመጡ መሰለው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሽ ዳኛቸው! እርስዎም መጡ?» እያለ ሁሉንም በየተራ አቅፎ ሳማቸው። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ተክለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። መኪናው ውስጥ ኳሷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስለዚያች ውርወራ አወራላቸው፤ እነሱም «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይሉታል። መንገዱ ረጅም ነው። ጋሽ ዳኛቸው እድሜ ልካቸውን ስንት መርዶ ነግረዋል፤ እንዲህ ያለ መንገድ ግን አላዩም።

በሩ ሲከፈት ጥቁር የለበሱት ሴቶች ሁሉ ከወለሉ ቀና አሉ። ሁለት ሰዎች ልጁን በግራና በቀኝ ያዙት፣ ወጉ ነው፣ ራሱን እንዳይጥል።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ዳኛቸው፤ «አባትህ መዝገቡ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ዘማርያም ግን አልወደቀም፣ አልጮኸም። እንደ በረዶ ቆሞ ጠበቀ፤ ጩኸቱ ትንሽ ሲቀዘቅዝም ጠየቀ።

«መቼ?»

ይህን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሐሙስ ጧት» አሉ ጋሽ ዳኛቸው።

«ሐሙስ?»

ዘማርያም ዞሮ እናቱን ፈለጋት። ሮማንወርቅ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁሩ ሻሽ ራሷ ላይ ነው።

«እማ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «አየው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ሮማንወርቅ የሻሿን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳበችው። ኳሷ አሁንም ብብቱ ሥር ነበረች።

እስከ ቀብሩ ድረስ ልጁ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ሰው ተቀበለ፣ አስተናገደ፣ የአባቱን ሣጥን ተሸከመ። ከእናቱ ጋር ብቻቸውን የቀሩት ሊሄድ ሻንጣውን ሲዘጋ ነው።

«ብቀር ምንም አይቀርብኝም ነበር» አላት፤ ሳይጮህ። «ነግሬሽ ነበር። ከኔ የሚበልጡት ቀርተዋል፣ ማንም አልተቀየማቸውም። አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ እመጣ ነበር።»

«ለአንተ ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አለ። እሷን የገደላት ይሄ ማወቁ ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ኤፕሪል ላይ ተመረጠ፤ በመጨረሻዎቹ ተራዎች፣ ግን ተመረጠ። ሲደውል ሮማንወርቅ ብፅዓት ቤት ነበረች፤ መታወቂያ ካርዱ ላይ ያለውን የመዝገቡን ፎቶ ለማስተለቅ አብረው ያዩ ነበር። እሱ ራሱ ነገራት። አለቀሰች፣ መረቀችው፣ ስለ ከተማው ጠየቀችው። ሁሉንም መለሰላት፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ከእናቱም አልተቆራረጠም፣ በየሳምንቱ ይደውላል።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አላት በመጨረሻ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ምንም አልሆንኩም።»

ስልኩ ውስጥ ዝም ተባለ። ይህን ዝምታ አሁን ለምዳዋለች፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቃለች።

«እትዬ ብፅዓት አጠገብሽ አሉ?»

«አለች።»

«እስቲ ስጫቸው።»

ሮማንወርቅ ስልኩን ለጎረቤቷ አቀበለችና፣ ብፅዓት «ደህና ናት ልጄ፣ በእውነት ደህና ናት» ስትለው እያዳመጠች ቁጭ አለች።